ጋሽ ይመር ሰው አይቆጥሩም ነበር

የጋሽ ይመርን መሞት የሰማሁት ከሒሳብ ፈተና ስወጣ ነው። ስልኬን ከፈተና ክፍሉ በር ላይ ተቀብዬ ስከፍተው ሙስጠፋ ደጋግሞ ደውሎልኝ ነበር። ሙስጠፋ ስልክ የሚደውል ሰው አይደለም። ሲናገር አፉ ይያዛል፤ በስልክ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ መልሼ ከመደወሌ በፊት ደህና ነገር እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር።

"ጫ... ጫልቱ" አለኝና ቆመ። ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሰው ስልኩን ተቀበለውና "ጋሽ ይመር አኺራ ሄዱ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ይቀበራሉ" አለኝ።

አጠገቤ የክፍሌ ልጆች ስለ አንዱ ጥያቄ መልስ ይከራከሩ ነበር። "ጫልቱ፣ አንቺስ ስንት መጣልሽ?" አለችኝ አንዷ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ወደ ዋናው በር ስሄድ አንድ ነገር ብቻ እያሰብኩ ነበር፤ ከፈተናው ተረፍሽ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ሰው ከእንግዲህ የሉም።

ጋሽ ይመር ዘመዴ አይደሉም፤ አስተማሪዬም አልነበሩም። አሶሳ መናኸሪያ አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ እየተቀመጡ ሥራ ለሌለው ሰው ሥራ የሚፈልጉ ሰው ነበሩ። ደላላ የሚሏቸው ነበሩ፤ እሳቸው ግን ቃሉን አይወዱትም። "ደላላ አገናኝቶ ይሄዳል። እኔ አብሬ እወርዳለሁ" ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። በዚያን ጊዜ ከመንጌ ወዲያ ባለ ኮረብታ ላይ በእጅ ቆፍሮ ወርቅ የሚያወጣ ቡድን ይመሩ ነበር። ከተማ የሚመጡት ቡድናቸው ሰው ሲጎድለው ነው። ታዲያ ለራሳቸው አንድ ሰው ሊፈልጉ መጥተው ለሌሎች ብዙ ሰዎች ሥራ ፈልገው ይመለሳሉ።

እኔ በረንዳው ላይ የደረስኩት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በወደቅኩበት ዓመት ነው። ቤተሰቦቼ ባምባሲ ናቸው። ወደ አሶሳ፣ አክስቴ ጋ የመጣሁት ሥራ ፍለጋ ነበር። መጀመሪያ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ገባሁ። ሥራዬ መኪና ላይ የሚጫነውን ጆንያ መቁጠር ነው። አንድ ሰው "ደህና አደርሽ?" ካለኝ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። አንድ ቀን በእኔ ምክንያት የተጫነ መኪና እንደገና ተራገፈ፤ እኔም በዚያው ተሰናበትኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቅኩት ሱቅ ሁሉ "ሒሳብ ትችያለሽ?" ይለኛል። መዋሸት ደግሞ አልችልበትም። በመጨረሻ የአክስቴ ጎረቤት "ጋሽ ይመር ዘንድ ሂጂ፤ ለእንዳንቺ ዓይነቱ እሳቸው ናቸው" አለችኝ።

ጋሽ ይመር ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ አነጋገራቸው ግን ትናንት የመጡ ያስመስላቸዋል።

"ምን ትችያለሽ ልጄ?"

"አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ።"

"እሱን አልጠየቅሁም። እዚህ በረንዳ ላይ ያለው ሁሉ ጨርሷል።" የተቀመጡት ሥራ ፈላጊዎች ሳቁ። "እሺ፣ ምን አትችይም?"

"ሒሳብ" አልኩ፤ አንገቴን ደፍቼ። "ቁጥር ሲበዛ ይጠፋብኛል።"

"አብሽሪ!" አሉና ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። "እኔንም ከሦስተኛ ክፍል ያባረረኝ እሱ ነው። ሥራ ሞልቷል። ድንኳን መትከል አለ፤ ቤት መክደን አለ፤ መጫንና ማራገፍ አለ፤ ወርቅ ማጠብ አለ። ቁጥር የማይሆንለት ሰው ብቻውን መግባት የለበትም፤ ይኸው ነው። ቁጥር የሚሆንለትም እንደዚያው።"

ከዚያ ያላሰብኩትን አዘዙኝ። ከበረንዳው ሥር አንድ የበቆሎ ጆንያ ነበር። እንደ እኔ ሥራ ፈላጊ የሆነች አንዲት የማላውቃት ልጅ ጠሩና "ሁለታችሁ ይህን አንሡና ማዶ አድርሱልኝ" አሉን። ልጅቷ ከእኔ አጭር ናት። ጆንያው ወደ እሷ እንዳያዘነብል ጎንበስ ብዬ፣ እርምጃዋን እያየሁ ሄድኩ። ስንመለስ ጋሽ ይመር ሻያቸውን ጨርሰዋል።

"ይቺ ገመድ ትይዛለች" አሉ እኔን እያሳዩ። "ገመድ መሳብ ጉልበት ብቻ አይደለም። አብሮሽ የያዘውን ሰው ማየት ነው።"

እናቴ በስልክ ስትሰማ አለቀሰች። ጉድጓድ ውስጥ እንደማልገባ፣ ከላይ ቆሜ ባልዲ እንደምስብ ብነግራትም አላመነችኝም። ጋሽ ይመር ስልኩን ከእጄ ወስደው "እመቤት፣ ልጅዎን በስሟ ወስጄ በስሟ እመልሳለሁ" አሏት። ያን ጊዜ የተለመደ የሽማግሌ ንግግር መስሎኝ ነበር።

ጉድጓዱ ከመንገድ ርቆ በቀይ አፈር ኮረብታ ላይ ነው። ወንዶቹ ከታች በድጅኖ ይቆፍራሉ፤ እኛ ከላይ በገመድ አፈሩን እንስባለን፤ ተሸካሚዎች ወደ ጅረቱ ያወርዱታል፤ እዚያ ሴቶቹ በገበቴ ያጥቡታል። የአጣቢዎቹ አለቃ ሐቦባ ሐዋ ነበሩ። ሐቦባ ማለት አያት ማለት ነው፤ የአካባቢው ሰው ትልልቅ ሴቶችን እንዲህ ይጠራል። ሐቦባ ሐዋ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ግን የፈለጉትን ሳይናገሩ ቀርተው አያውቁም። ከቆፋሪዎቹ አንዱ ሙስጠፋ የመጨረሻ ልጃቸው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ማታ፣ ዕቃችንን ሰብስበን ልንሄድ ስንል ጋሽ ይመር ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ወደ ጉድጓዱ ዘንበል አድርገው ስም መጥራት ጀመሩ።

"ሰይድ!"

"አለሁ!"

"ኢድሪስ!"

"አለሁ!"

ሁሉም በየተራው ይመልሳል። ሙስጠፋ አፉ ስለሚያዝ ስሙ ሲጠራ በድጅኖው ድንጋይ ይመታል። ያ የብረት ድምፅ እስከ ጅረቱ ድረስ ይሰማል፤ ሴቶቹ ገበቴያቸውን ማጠብ የሚጀምሩት እሱን ሲሰሙ ነው። የእኔ ስም ሲጠራ ደንግጬ "አቤት" አልኩ፤ ሁሉም ሳቀብኝ።

"አቤት አይባልም" አሉ ጋሽ ይመር ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ጫልቱ!"

"አለሁ!"

"እንደሱ።"

ሕጉ ይህ ነበር፤ አንድም ሰው ሳይመልስ ከቀረ የሚሄድ የለም። የታመመ ወይም ጉዳይ ያለበት ሰው ቀድሞ ከሄደ፣ ሲወጣ በዓይኑ ያየው ሰው ብቻ "ወጥቷል" ብሎ ይመልስለታል። አንድ ቀን ሰይድ፣ ቀልደኛው ልጅ፣ ለመሄድ ቸኩሎ ስለ ኢድሪስ "ወጥቷል" አለ።

"አይተኸዋል?" አሉ ጋሽ ይመር።

"መሰለኝ..."

"እዚህ 'መሰለኝ' አይባልም።" እሳቸው ቁጭ አሉ፤ እኛም ቁጭ አልን። ኢድሪስ ከቁጥቋጦ ጀርባ ተኝቶ እስኪገኝ ድረስ ማንም አልተነሣም። ሰይድ ለሳምንት ያህል "መሰለኝ" እየተባለ ተጠራ።

እኔ ለማስደሰት የምቸኩል ልጅ ስለነበርኩ አንድ ቀን "ጋሽ ይመር፣ ቢቆጥሩን አይቀልም?" አልኳቸው። ሐቦባ ሐዋ ቀድመው መለሱልኝ። "ሰው ፍየል ነው? አንተ ጫልቱ፣ ሰው ይቆጠራል እንዴ?" ብለው ገሠጹኝ። ሰው መቁጠር በሳቸው ዘንድ ክፉ ነገር መጥራት ነው። ጋሽ ይመር ግን ሌላ ነገር አሉ። ማንጎ እየላጡ፣ ቀና ሳይሉ፦ "ልጅ ሆነን ከአገራችን ሲያመጡን ቆጥረው ጫኑን፣ ቆጥረው አወረዱን። ያሰፈሩን መንደር ራሱ ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው።"

ከጊዜ በኋላ የቁፋሮ ፈቃዱን የያዘው ማኅበር ጌታቸው የሚባል ተቆጣጣሪ ላከ። ጌታቸው ክፉ ሰው አልነበረም። ሌላ ቦታ ጉድጓድ ተደርምሶ ሰው ስለተጎዳ፣ በየቀኑ ስንት ሰው እንደገባና ስንት እንደወጣ ለአለቆቹ እንዲያስታውቅ ታዝዟል። በሞተር ብስክሌት ይመጣና ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ ይቆማል።

"ጋሼ፣ ስንት ወጡ?"

"ሁሉም ወጥተዋል።"

"'ሁሉም' ቁጥር አይደለም እኮ ጋሼ።"

"ስማቸውን ልንገርህ?"

"ስም ምን ያደርግልኛል? ቁጥር ንገሩኝ።"

እንዲህ እየተባባሉ ሰነበቱ። አንድ ቀን ጌታቸው ትዕግሥቱ አለቀና በሁላችን ፊት "ወይስ መቁጠር ያቅትዎታል?" አለ። ሰይድ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ጋሽ ይመር ቆባቸውን አውልቀው አራገፉና መልሰው አደረጉ። ያን ቀን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ከሱዳን በኩል መጣ። ሰማዩ ሲጠቁር ከታች የነበሩት እየተንጠላጠሉ ወጡ። ጉድጓዱ አጠገብ በዘረጋናት ላስቲክ ሥር ብንጠጋም ዶፉ ወረደብን። ቀዩ አፈር ሁላችንንም አንድ ዓይነት አደረገን፤ ፊታችን፣ ልብሳችን፣ ፀጉራችን ጭቃ ነው። ጌታቸው ጅረቱ ሳይሞላ መሻገር ስለነበረበት ሞተሩን አስነሥቶ ይጮኻል። "ጋሼ፣ ይቁጠሩና እንሂድ! በዚህ ዝናብ ደግሞ ስም ሊጠሩ ነው?"

ጋሽ ይመር ወደ ጉድጓዱ አዩ፤ ወደ ጌታቸው አዩ። ከዚያ በትራቸውን አነሡና የእያንዳንዳችንን ትከሻ እየነኩ ቆጠሩ። ከጉድጓዱ ሊወጣ የሚገባው አሥራ አንድ ሰው ነው፤ ከገመድ ሳቢዎቹ ጋር ማለት ነው። ሳይሳሳቱ፣ ጮክ ብለው፣ እስከ መጨረሻው ቆጠሩ። "...አሥር፣ አሥራ አንድ። ሞልቷል!" አሉ። ፊታቸው በርቶ ሣቁ። በትምህርት ቤት የሳቱትን ጥያቄ ዛሬ እንደመለሱ ሰው ነበሩ። እኔም ደስ አለኝ።

እየተንሸራተትን ወደ ጅረቱ ወረድን። ሐቦባ ሐዋ ገበቴያቸውን አልሰበሰቡም፤ ዝናቡ ውስጥ ቆመው ወደ ኮረብታው ያያሉ።

"ዛሬ ብረት አልሰማም" አሉ።

"ዝናቡ ነው ሐቦባ" አለ ሰይድ።

"ዝናብ አይደለም። ብረት አልመታም። ሙስጠፋ የታለ?"

እርስ በርሳችን ተያየን። ሰይድ አጠገቡ የቆመውን ሰው ፊት በእጁ ጠረገው። የማናውቀው ሰው ነው። ከጎረቤት ጉድጓድ የመጣ ሠራተኛ ነበር። "እኔ እኮ በእናንተ ላስቲክ ልጠለል መጥቼ ነው አብሬያችሁ የወረድኩት" አለ፤ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው።

ከሁላችን ቀድመው የሮጡት ጋሽ ይመር ናቸው። በዕድሜያቸው እንደዚያ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም። እየወደቁ፣ እየተነሡ "ሙስጠፋ! ሙስጠፋ!" ይላሉ። ጉድጓዱ አፍ ስንደርስ በአንድ በኩል ግድግዳው ተንዷል። ዝም በሉ አሉን፤ ዝም አልን። ከታች፣ ከአፈሩ ውስጥ፣ ቀጭን የብረት ድምፅ ይሰማል። ቆም ይላል፤ ደግሞ ይሰማል። ሙስጠፋ እየመለሰ ነበር። እኛ ሳንጠራው እሱ እየመለሰ ነበር።

በእጃችን፣ በባልዲ፣ በገበቴ ቆፍረን አወጣነው። ነፍሱ አለች፤ አንድ እግሩ ግን ከድንጋይ በታች ቆይቷል። በቃሬዛ እስከ መንገድ፣ ከዚያም በመኪና አሶሳ ደረሰ። እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ሐቦባ ሐዋ አልጮኹም፤ አልተራገሙም። ከሕክምናው ደጃፍ ላይ ጋሽ ይመር ፊት ቆሙ። "ይመር" አሉ፤ "አንተ ሰው አይቆጥርም። ዛሬ ለምን ቆጠረ?"

"ልክ ነበር እኮ" አሉ ጋሽ ይመር፤ ለሐቦባ ሐዋ ሳይሆን ለራሳቸው። "ቁጥሩ ልክ ነበር።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ሐቦባ ሐዋ የጋሽ ይመርን ስም ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። ተጣልተው አልነበረም። ከመንጌ ወደ አሶሳ የሚመጣ ሰው ባገኙ ቁጥር ለሁለቱም ማንጎ ይልካሉ፤ አንዱ ለልጃቸው፣ አንዱ "ለዚያ ሰውዬ" ነው። በጉድጓዱ የስም መጥራቱንም ሥራ ሐቦባ ሐዋ ወሰዱት።

ጋሽ ይመር ቡድኑን ትተው አሶሳ ገቡ። አንድ ሥራ ብቻ ነበራቸው፤ ለሙስጠፋ ቦታ መፈለግ። እኔም እንደገና ለፈተና ለመቀመጥ ወደ አክስቴ ቤት ተመልሼ ስለነበር ብዙ ጊዜ አብሬያቸው እሄድ ነበር። አንድ ነጋዴ አዘነና ሙስጠፋን የመኪና ማቆሚያ ቲኬት ቆራጭ ላድርገው አለ። ትንሽ የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ወንበር አላት፤ ጥላ አላት። ሁላችንም ተገኘ ብለን ደስ አለን። ጋሽ ይመር ገብተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ በመስኮቷ ወደ ውጭ አዩ፤ ወጡ።

"አይሆንም" አሉ።

"ለምን ጋሼ? ተቀምጦ የሚሠራ ነው እኮ!" አልኳቸው።

"ብቻውን ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ነው። ደግሞስ እዚያ ውስጥ ሆኖ ቢጣራ ማን ይሰማዋል?"

ነጋዴው ተቀየማቸው። "ለማኝ ሆኖ መራጭ!" ብሎ ሰደባቸው። እሳቸው አመስግነው ሄዱ።

ከባምባሲ መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይሰነጥቃል፣ አንዱ ያጎብጣል፣ አንዱ ያስራል። ሙስጠፋን አናስገባም አሉ፤ እግር የሌለው፣ የማይናገር ሰው ሥራ ያጓትታል ብለው። ጋሽ ይመር አልተከራከሩም። በማግስቱ ጠዋት መጥተው ቀርከሃ መሸከም ጀመሩ። ደመወዝ አልጠየቁም። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ አፈሩ። ሽማግሌው ጭነት በተሸከሙ ቁጥር ሙስጠፋ ከጎናቸው ተቀምጦ ያን ቀርከሃ ይሰነጥቅ ነበር። አንድ ቀን ልጆቹ ሲያዩት፣ ሳይሰበር የሚጎብጠው እሱ የሰነጠቀው ነው። ከዚያ በኋላ ለሙስጠፋ ቦታ የሚለምን ሰው አላስፈለገም።

እሳቸው ግን አልዳኑም። መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ በየመሀሉ ዞር ብለው ኋላቸውን ያያሉ። ከካማሺ በኩል ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ወደ በረንዳው ሲመጡ የእያንዳንዱን ስም ሁለት ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ረስተው አይደለም። ብዙዎቹን ድንኳን ተካዮች፣ ቤት ሠሪዎችና ጫኞች ውስጥ አስገብተዋቸዋል። ሰው ሲያመሰግናቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። አንዴ "ጋሽ ይመር፣ ሙስጠፋ እኮ ይቅር ብሎዎታል" አልኳቸው። "እሱ ይቅር ብሎኛል" አሉ። "እኔ ግን ያን ቀን የሣቅኩትን ሣቅ ምን ላድርገው? ልጁ ከሥር እየጠራኝ እኔ ሞላልኝ ብዬ ሣቅኩ።"

በሁለተኛው ሙከራዬ አልፌ እዚያው አሶሳ ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ስነግራቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ሒሳብ አለበት?" የሚል ነበር።

"አለበት።"

"ኧረግ! ብቻሽን ነው የምትሠሪው?"

"የቤት ሥራው በቡድን ነው። ፈተናው ብቻዬን ነው።"

"እንግዲያው ከፈተናው ስትወጪ ደውዪልኝ። ተረፍሽ ወይ እልሻለሁ፤ አንቺ አለሁ ትይኛለሽ።" እስከሞቱበት ቀን ድረስ ከእያንዳንዱ ፈተና በኋላ እንዲሁ አድርገን ነበር።

ያን ቀን መሞታቸውን ሰምቼ፣ ባጃጅ ይዤ ሰፈራቸው ስደርስ ወንዶቹ ከቀብር ተመልሰዋል። ቀለል ያለ ድንኳን ተተክሏል፤ የተከሉት እሳቸው ሥራ ያስገቧቸው ልጆች ናቸው። ሰይድ አለ፤ ኢድሪስ አለ፤ የቀርከሃ ሠራተኞቹ አሉ። ጌታቸውም ሞተሩን ደጅ አቁሞ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሙስጠፋ ክራንቹን ተደግፎ ከብረት ምሰሶው ሥር ነበር። ሕመማቸው ሲጠና አጠገባቸው ያደረው፣ ትንፋሻቸው ሲወጣም እጃቸውን የያዘው እሱ ነው። ሐቦባ ሐዋ ከመንጌ በጭነት መኪና መጥተዋል። አቅፈውኝ "አንተ መጣ?" አሉኝ። ሌላ አላሉም።

ሊመሽ ሲል ሰማዩ ጠቆረ። የሩቅ አገር ሰዎች መኪና እንዳያመልጣቸው መነሣት ጀመሩ። ያን ጊዜ ሐቦባ ሐዋ ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆሙ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ሰይድ!"

ሰይድ ደነገጠ። ከዚያ "አለሁ" አለ።

"ኢድሪስ!"

"አለሁ።"

የቡድኑን ሰው ሁሉ ጠሩ። እኔን ጠሩኝ፤ "አለሁ" አልኩ። "ሙስጠፋ!" ሲሉ ክራንቹ የድንኳኑን ብረት መታው። ሁላችንም ያለቀ መስሎን ነበር። ሐቦባ ሐዋ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

"ይመር!" አሉ።

ማንም አልመለሰም። ነፋሱ ሸራውን አነሣው። "ይመር!" አሉ እንደገና፤ ከፍ ባለ ድምፅ። የተነሡት ሰዎች ቀስ ብለው ተመለሱና ተቀመጡ። ጌታቸው ቁልፉን ኪሱ ውስጥ መልሶ ከተተ። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ሸራው ላይ ወደቁ። መኪናው መንገድ ላይ ጥሩምባውን ነፋ፤ አንድም ሰው አልተነሣም። እንዴት እንደሚነሣ የሚያውቅ አልነበረም።

ሙስጠፋ ምሰሶውን ይዞ ቆመ። "ወ..." አለ። አፉ ተያዘ። አንገቱ ተገታተረ። ማንም አልጨረሰለትም፤ ሁላችንም ጠበቅነው።

"ወ... ወጥቷል።"

ሐቦባ ሐዋ ዓይናቸውን ገለጡ። "አይቷል? አንተ በዓይን አይቷል?"

"አይ... አይቻለሁ።"

ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

"በል፣ ተነሣ" አሉን።

ተነሣን።